በደጅ የቆመ ዛፍ የማን ነው?

ሰው ቤት ሲሠራ ግድግዳውንና ጣራውን በገንዘቡ ይገዛል፤ በደጁ የቆመውን የትልቅ ዛፍ ጥላ ግን በገንዘብ ሊገዛው አይችልም። ጥላ የሚገኘው በዘመን ብዛት ብቻ ነው። አያት የተከለውን ዛፍ አባት ይጠብቀዋል፤ ልጅም ከጥላው ሥር ይጫወታል። ስለዚህ በቤተ ሰብ ኑሮ ውስጥ ከቤት ዕቃ ኹሉ ዕድሜው የሚበልጥ፥ ከጠፋም በኋላ በአንድ ሰው ዘመን የማይተካ ሀብት በደጅ የቆመ ዛፍ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ዳሩ ግን ዛፉ የቆመው በግቢ ውስጥ ሳይሆን ከአጥር ውጭ፥ ሕዝብ በሚተላለፍበት መንገድ ዳር የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ ይለወጣል። ሥሩ ያለው በሕዝብ መሬት ነው፤ ቅርንጫፉ ግን በባለ ቤቱ መስኮት ላይ ተዘርግቷል። መንገዱን የሚጠብቀው ማዘጋጃ ቤት «ዛፉ የእኔ ነውና እቆርጠዋለሁ» ሲል፥ ባለ ቤቱም «ጥላው የእኔ ነውና አይቆረጥም» ሲል፥ በሁለቱ መካከል የሚነሣው ክርክር እንዴት ይፈረዳል? ይህን ጥያቄ በእንግሊዝ አገር የምትገኘው የሸፊልድ ከተማ ብዙ ገንዘብ፥ ብዙ ኀዘንና ብዙ ዓመት ከፍላ ተምራበታለች። ታሪኩ የከተማ ሹም ለሆነ ሰውም፥ ቤቷን ለምታስተዳድር እመቤትም ትምህርት የሚሰጥ ስለ ሆነ በዚህ ገጽ ልንተርከው ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ኹሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

የከተማይቱ ሁኔታ

ሸፊልድ በሰሜን እንግሊዝ፥ በዮርክሽር ግዛት በደቡብ በኩል ያለች ከተማ ናት። በ2021 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ሕዝቧ ከ550 ሺሕ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ከጥንት ጀምሮ ስሟ የታወቀው በቢላዋና በብረት ሥራ ነው፤ ሃሪ ብሬርሊ የተባለው ሰው በ1913 ዓ.ም. የማይዝገውን ብረት ያገኘው በዚችው ከተማ ነው። የመኖሪያ ሰፈሮቿም በኮረብታዎች ላይ የተሠሩ ሲሆኑ፥ በመንገዶቿ ግራና ቀኝ 36 ሺሕ ያህል ዛፎች ቆመው ነበር።

ከነዚህም ዛፎች ብዙዎቹ የተተከሉት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመንና በልጃቸው በንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘመን ስለ ሆነ ዕድሜያቸው መቶ ዓመት አልፏል። የብረት ማቅለጫው ጭስ ሰማይዋን ባጠቈረበት በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች ዛፉን የተከሉት ለራሳቸው አልነበረም። ችግኝ የሚተክል ሽማግሌ ጥላውን ሳያይ እንደሚሞት ያውቃልና።

አንዳንዶቹ ዛፎች ደግሞ ከጥላ የበለጠ ትርጉም አላቸው። ዌስተርን ሮድ በሚባለው መንገድ ያሉት በ1919 ዓ.ም. የተተከሉት፥ በዚያው ሰፈር ትምህርት ቤት ተምረው ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ለሄዱት ልጆች መታሰቢያ እንዲሆኑ ነው። በዚያ መንገድ የሚኖር ሰው በየማለዳው ደጁን ሲከፍት የሚያየው ግንድና ቅጠል ብቻ አይደለም፤ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰውን የጎረቤቱን ልጅ መታሰቢያ ነው። እነዚህም ሳይቀሩ ከሚቆረጡት መካከል ተቈጥረው ነበር።

የሃያ አምስት ዓመት ውልና የመቶ ዓመት ዛፍ

በሌላ በኩል ደግሞ እውነቱን ለመናገር የሸፊልድ መንገዶች በጣም ተበላሽተው ነበር። ጉድጓዱ ስለ በዛ ከተማይቱ «የጉድጓድ ከተማ» እየተባለች ትዘለፍ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱም ይህን ነውር ለማስወገድ በ2012 ዓ.ም. አሜይ ከሚባል ኩባንያ ጋራ ለ25 ዓመት የሚጸና ውል ተዋዋለ። የውሉ ዋጋ 2.2 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ነበር። ኩባንያውም የመኪናውን መንገድ፥ የእግረኛውን መተላለፊያ፥ የመንገዱን መብራትና የመንገዱን ዳር ዛፎች ሊያድስና ሊጠብቅ ግዴታ ገባ። ከባዱ የማደስ ሥራም በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ውስጥ እንዲፈጸም ተወሰነ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ውሉ የ25 ዓመት ነው፤ ዛፉ ግን የመቶ ዓመት ነው። በ25 ዓመት ሒሳብ ለሚያስብ ሰው ትልቅ ዛፍ ወጪ ሆኖ ይታየዋል፤ ሥሩ ድንጋይ ያነሣል፥ ቅጠሉ ይረግፋል፥ ቅርንጫፉም መከርከም ይፈልጋል። በፈንታው የሚተከለው ችግኝ ግን ውሉ እስኪያልቅ ድረስ ብዙ የሚያስቸግር አይሆንም። በመቶ ዓመት ሒሳብ ለሚያስብ ቤተ ሰብ ግን ትልቁ ዛፍ ሀብት ነው፤ ችግኙ ተስፋ ብቻ ነው። የጠቡ ሥር የተተከለው ከዚህ ላይ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ ዛፍ የሚቆረጠው በስድስት ምክንያት ነው ብሎ አስታወቀ፤ ይኸውም የሞተ፥ በመሞት ላይ ያለ፥ የታመመ፥ ለሰው የሚያሰጋ፥ መንገድ የሚያበላሽ፥ ወይም የሰው መተላለፊያ የሚዘጋ የሆነ እንደ ሆነ ነው። በመጀመሪያዎቹ በአራቱ ብዙ ክርክር አልተነሣም፤ የሞተ ዛፍ በልጆቿ ላይ እስኪወድቅ ይቆይ የምትል እናት የለችምና። ክርክሩ የበረታው በመጨረሻዎቹ በሁለቱ ነው። በነዚህ ምክንያት ፍጹም ጤነኛ የሆነ ዛፍ፥ ሥሩ የመንገዱን የጠርዝ ድንጋይ ስለ ነቀነቀ ብቻ ሞት ይፈረድበት ነበር።

የማዘጋጃ ቤቱም ሐሳብ ፍሬ የሌለው አልነበረም። የዛፍ ሥር አየርና ውሃ ሲፈልግ ከምድር ፊት ብዙ ሳይርቅ ስለሚሄድ፥ እየወፈረ በመጣ ቍጥር በላዩ ያለውን ንጣፍ ወደ ላይ ያነሣዋል። በዚያም ዐይነ ስውር፥ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው፥ ሕፃኗን በጋሪ የምትገፋ እናት ሲያልፉ ይቸገራሉ፤ ሽማግሌም ተደናቅፎ እግሩን ይሰበራል። ከነዋሪዎቹም መካከል መንገዳቸው ስለ ታደሰ የተደሰቱ፥ ዛፉም መስኮታቸውን ስላጨለመባቸው ይቆረጥልን ያሉ ነበሩ። ስለዚህ ነገሩ በደጎችና በክፉዎች መካከል የሆነ ጠብ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። ጥያቄው፥ ዛፉን ሳይገድሉ መንገዱን ማቅናት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚል ነበር።

መልሱም ብዙ ጊዜ ይቻላል የሚል ነው። በወፍራሙ ፈንታ ቀጭን የጠርዝ ድንጋይ ማኖር፥ ንጣፉን በሥሩ ላይ ቀስ እያደረጉ ከፍ በማድረግ ማስተካከል፥ በደረቁ ንጣፍ ፈንታ የሚለጠጥ ንጣፍ ማንጠፍ፥ የሚያስቸግረውን አንዳንዱን ሥር በባለ ሙያ እጅ መከርከም፥ የእግረኛውንም መንገድ በዛፉ አጠገብ ወደ መኪናው መንገድ ጥቂት ማስፋት፥ እነዚህ ኹሉ በሌሎች ከተሞችም የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ የእንደዚህ ያሉ ዘዴዎችን ዝርዝር አውጥቶ፥ መቁረጥ የመጨረሻው መፍትሔ ነው ሲል ለሕዝቡ አስታውቆ ነበር። ባለ ቤቶቹ ግን በዝርዝሩ ላይ ያነበቡትን ዘዴ በመንገዳቸው ላይ ሲሠራበት አላዩም፤ የሚያዩት መጋዝ ነበር።

ደብዳቤውና የምክር ጉባኤው

በ2015 ዓ.ም. ባለ ቤቶቹ በየሰፈራቸው እየተሰበሰቡ ማኅበር አቆሙ። ከነሱም መካከል ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፥ ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች፥ ማለዳ ወደ ሥራቸው የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። በየግንዱ ላይ ቢጫ ጨርቅ አሰሩ፤ አቤቱታ ጻፉ፤ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ፊርማም አሰባሰቡ።

ማዘጋጃ ቤቱም ጩኸቱን በሰማ ጊዜ ዛፍ በሚቆረጥበት መንገድ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች ደብዳቤ ላከ። መልስ ከሰጡት መካከል ግማሹ ዛፉ አይቆረጥ ያሉ እንደ ሆነ፥ ነገሩ ገለልተኛ ለሆነ የምክር ጉባኤ እንዲቀርብ አዘዘ። ሥርዓቱን በወረቀት ላይ ሲያዩት መልካም ነው። ጉባኤው ግን መርምሮ «ይህ ዛፍ ሊድን ይችላል» ሲል ማዘጋጃ ቤቱ ምክሩን ብዙ ጊዜ አልተቀበለውም። አባቶች «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላሉ። መካር ሾሞ ምክሩን የማይሰማ ሹም ግን ከዚህ የባሰ ነው፤ መካር የሌለው የሚሳሳተው ባለማወቅ ሲሆን፥ ይህኛው የሚሳሳተው እየነገሩት ነውና።

ነዋሪዎቹ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤቱም በ2016 ዓ.ም. አቤቱታቸውን ሳይቀበል ቀረ። መንገድን የመጠበቅ ግዴታ በሕግ የተጣለው በማዘጋጃ ቤቱ ላይ ነበርና በሕግ በኩል ባለ ቤቶቹ የሚይዙት አልነበራቸውም። በእጃቸው የቀረው ጉልበታቸውና ትዕግሥታቸው ብቻ ሆነ።

በሌሊት የመጣው መጋዝ

በኖቬምበር 17 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ነገር የሸፊልድ ሰዎች እስከ ዛሬ አልረሱትም። ረስትሊንግስ ሮድ በሚባለው መንገድ የሚኖሩት ሰዎች ገና ተኝተው ሳሉ፥ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ቆራጮቹ ከፖሊስ ጋራ መጡ። በመንገዱ ላይ የቆሙ መኪናዎች እንዲነሡ ባለ ቤቶቹ ከእንቅልፋቸው ተቀሰቀሱ። ስለ ነዚያ ዛፎች ጉባኤው የሰጠው ምክር ለሕዝብ የተገለጸው በዚያው ሌሊት፥ መጋዙ ከመነሣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። ማንም ሰው አንብቦ አቤት ለማለት ጊዜ እንዳልነበረው ግልጽ ነው።

ጎረቤቶቹ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው ወጡ። በዚያ ማለዳ ሦስት ሰዎች ተያዙ፤ ከነሱም ሁለቱ ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት ያለፈ ሴቶች ነበሩ። ፀሐይ ስትወጣ ስምንት ዛፎች ወድቀው ተገኙ። በሰዎቹ ላይ የተጠቀሰባቸውም ሕግ በ1992 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች ማኅበር የወጣውና በሥራ ማቆም ጊዜ ሠራተኛን ከሥራው የሚከለክሉትን ለመቅጣት የታሰበው ነበር። ቤቷ ደጃፍ ባለ ዛፍ ሥር የቆመች አሮጊት በዚህ ሕግ መያዟ ብዙውን ሰው አስገረመ፤ ክሱም ኋላ ቀረ።

አንባቢ ሆይ፥ አንድ ነገር እናስተውል። ዛፉን መቁረጥ ለማዘጋጃ ቤቱ በሕግ የተፈቀደ ነበር። የተፈቀደውን ሥራ በሌሊት የሠራ ግን ራሱን ሌባ አስመሰለ። በቀን ብርሃን፥ ምክንያቱን እያስረዱ ቢቆርጡት ኖሮ ያዘነ ሰው ይኖር ነበር፤ በሌሊት በመቁረጣቸው ግን ያላዘነውም ሰው ተቈጣ። ከዚያ ቀን በፊት ስለ ዛፍ ግድ ያልነበረው ብዙ ሰው ከዚያ ወዲያ ማኅበርተኛ ሆነ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የተባለው በዚህ ተፈጸመ።

በአጥር ግንብ ላይ የተጣበቁ ሰዎች

በኦገስት 2017 ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤቱ ከከፍተኛው ፍርድ ቤት የእገዳ ትእዛዝ አወጣ። ቆራጮቹ በዛፉ ዙሪያ አጥር ካቆሙ በኋላ ወደ ውስጥ የገባ ሰው ፍርድ ቤቱን እንደ ደፈረ እንዲቈጠር ተወሰነ። በዚህም ምክንያት በኋላ አንዳንዶቹ በገደብ እስራት ተፈረደባቸው።

ነዋሪዎቹም አንድ ብልሃት ፈጠሩ። እገዳው በሕዝብ መንገድ ላይ ነው፤ የባለ ቤቱ ግቢ ግን የራሱ ነው። የትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ደግሞ የሰው ወሰን አያውቅም፤ ከመንገዱ ተሻግሮ በአጥሩ ላይ ይዘረጋል። ስለዚህ ከባለ ቤቱ ፈቃድ እየተቀበሉ በአጥሩ ግንብ ተጣብቀው በቅርንጫፉ ሥር ይቆሙ ጀመር። ከሥሩ ሰው እያለ ቅርንጫፍ መጣል አይቻልምና ቆራጮቹ ብዙ ቀን ዕቃቸውን ሰብስበው ተመለሱ። እነዚህን ሰዎች የከተማው ሕዝብ በግድግዳ ላይ በምትጣበቀው በእንሽላሊት ስም ይጠራቸው ነበር። በብርድ፥ በዝናብና በበረዶ እየተፈራረቁ ሲቆሙ፥ ጎረቤት ለጎረቤት ትኩስ ሻይና ዳቦ ያመላልስ ነበር። በአንድ መንገድ ብዙ ዓመት ተቀምጠው ስም ለስም የማይተዋወቁ ሰዎች በዚህ ምክንያት ተዋወቁ።

በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ነገሩ ይልቁን ከፋ። የተቀጠሩ ዘበኞች ሰዎቹን በጉልበት ከአጥሩ ውስጥ ያወጡ ጀመር፤ ብዙ ፖሊሶችም አጠገባቸው ይቆሙ ነበር። አንዱን ዛፍ ለመቁረጥ የሚወጣው ገንዘብና የሚሰበሰበው የሰው ብዛት፥ ዛፉን አድኖ መንገዱን ከማቅናት የበለጠ ሳይሆን አይቀርም ብሎ የማይጠይቅ ሰው አልነበረም።

ስለ አንዲት ቢራቢሮ

ከነዚህ ዛፎች አንዱን ለብቻው ልንጠቅሰው ይገባል። ቸልሲ ሮድ በሚባለው መንገድ ኤልም የተባለ፥ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያለፈ ትልቅ ዛፍ አለ። በእንግሊዝ አገር ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ በተነሣው በሽታ በሚሊዮን የሚቈጠር የዚህ ዐይነት ዛፍ አልቋል፤ ይህ አንዱ ግን ተርፎ ቆየ። በቅርንጫፎቹም ላይ ከክንፏ በታች ነጭ መስመር እንደ ፊደል የተጻፈባት ቢራቢሮ ትኖር ነበር። የዚህች ቢራቢሮ ትል ከኤልም ዛፍ በቀር ሌላ ምግብ የላትም፤ ኤልም ሲያልቅ እርስዋም አብራ ታልቃለች።

ማዘጋጃ ቤቱ ይህን ዛፍ ቆርጦ በፈንታው ሌሎች ችግኞች ሊተክል አስቦ ነበር። ግን ችግኝ ለቢራቢሮዋ የትልቁን ዛፍ ያህል መኖሪያ ሊሆናት አይችልም። ልጆች ይህን ነገር ከአዋቂዎች ይልቅ ፈጥነው ያስተውሉታል፤ ቢራቢሮዋን በዐይናቸው አይተዋታልና። ዛፉ በመጨረሻ ሳይቆረጥ ቀረ።

በጠቅላላው «አንድ ቆርጠን አንድ እንተክላለን» የሚለው ሒሳብ በወረቀት ላይ ትክክል ሲመስል በመንገድ ላይ ትክክል አይደለም። ትልቅ ዛፍ በሺሕ በሚቈጠር ቅጠሉ ፀሐይን ይከለክላል፤ ከቅጠሉ በሚወጣው እርጥበት አየሩን ያቀዘቅዛል፤ የዝናቡንም ውሃ ተቀብሎ ቀስ እያለ ወደ ምድር ያወርደዋል፤ አቧራውንም ይይዛል። ችግኙ ይህን ሥራ ለመሥራት ብዙ አሥር ዓመታት ያስፈልጉታል። አባቶች «ዋርካ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል» ይላሉ፤ እምቧጮው አድባር ቢባልም የዋርካውን ጥላ ግን አይሰጥም።

እውነት እያደር ሲጠራ

በማርች 2018 ዓ.ም. መቁረጡ ቆመ። እስከዚያ ቀን ድረስ 5,600 ያህል ዛፎች ወድቀው ነበር። በዚያው ወር ደግሞ በውሉ ውስጥ የተጻፈ አንድ ቍጥር ለሕዝብ ተገለጸ፤ ይኸውም በውሉ ዘመን 17,500 ዛፎች እንዲተኩ የሚል ነው። ከ36 ሺሕ ዛፎች ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ቍጥሩ ግብ አይደለም ሲል መልስ ሰጠ። ባለ ቤቶቹ ግን «መቁረጥ የመጨረሻ መፍትሔ ነው ተብሎ ሲነገረን፥ ቍጥሩ አስቀድሞ ተጽፎ ነበርን?» ብለው ጠየቁ።

በ2020 ዓ.ም. በማዘጋጃ ቤቶች ላይ የሚቀርበውን አቤቱታ የሚመረምረው የመንግሥት መርማሪ፥ ሕዝቡ በተነገረው ነገር እንደ ተሳሳተና ዛፍን ለማዳን ተዘርዝረው የነበሩት ዘዴዎችም በተባለው መጠን እንዳልተሠራባቸው ገለጠ። ከዚያም ቀድሞ በተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ርዳታ ኃላፊ የነበሩት ሰር ማርክ ሎውኮክ ነገሩን ከሥሩ እንዲመረምሩ ተሾሙ። በማርች 2023 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ የማዘጋጃ ቤቱ አመራር ለብዙ ጊዜ ከባድ ጕድለት እንደ ነበረበት፥ ሕዝቡን ብቻ ሳይሆን ፍርድ ቤቱንም እንዳሳሳተ አስረዱ። ማዘጋጃ ቤቱም በጁን 2023 ዓ.ም. ጥፋቱን አምኖ ሕዝቡን በግልጽ ይቅርታ ጠየቀ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የተባለው እንዲህ ያለ ነው፤ ነገር ግን እስኪጠራ ድረስ ከመጀመሪያው አቤቱታ ስምንት ዓመት ያህል ፈጀ።

ከዚህም ኹሉ የሚያስገርመው መጨረሻው ነው። መቁረጡ ከቆመ በኋላ የማዘጋጃ ቤቱ፥ የኩባንያውና የነዋሪዎቹ ሰዎች በአንድነት ሆነው በየመንገዱ እየዞሩ፥ ቀድሞ ሞት የተፈረደባቸውን ዛፎች አንድ በአንድ ተመለከቱ። ግንዱን ዳሰሱ፤ ንጣፉን አስነሥተው ሥሩን አዩ። አብዛኞቹም ዛፎች በጥቂት ሥራ ሊድኑ የሚችሉ ሆነው ተገኙ። ከዚያም ስለ መንገድ ዛፎች አጠባበቅ አንድ ደንብ በኅብረት አዘጋጅተው በ2021 ዓ.ም. አወጡ። በአጥር ግንብ ላይ ተጣብቀው የቆሙት ሰዎችና ሊያስወርዷቸው የመጡት ሰዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀመጡ። ይህን ቀድመው ቢያደርጉት ኖሮ በሌሊት የመጣው መጋዝም፥ የአሮጊቶቹ መያዝም፥ የፍርድ ቤቱም ወጪ ባልኖረ ነበር።

ከዚህ የምንማረው

ሕዝብን የሚያስተዳድር ሹም ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ሊይዝ ይገባዋል። መጀመሪያ፥ የዛፍ ዕድሜ ከውል ዕድሜ ስለሚበልጥ፥ ውል ሲዋዋል የውሉን ዘመን ብቻ ሳይሆን የልጅ ልጆቹንም ዘመን ማሰብ ነው። ሁለተኛ፥ ሕዝብን ምክር ከጠየቀ ምክሩን ለመስማት መዘጋጀት ነው፤ ሊሰማ ያልፈለገ እንደ ሆነ ግን ባይጠይቅ ይሻለዋል፤ ተጠይቆ ያልተሰማ ሰው ከቶ ካልተጠየቀው ይልቅ ይቈጣልና። ሦስተኛ፥ ምክንያቱን በእውነት መናገር ነው። የሸፊልድ ሰዎች ብዙ ጊዜ የተናገሩት ዛፉ ስለ ተቆረጠ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ተዋሸን ነው የሚል ነበር። ዛፍ ቢቆረጥ ሌላ ይተከላል፤ በሕዝብና በሹም መካከል ያለው መተማመን ግን አንድ ጊዜ ከተቆረጠ ችግኙ ቶሎ አይጸድቅም።

ባለ ቤት የሆነ ሰውም የሚማረው አለ። በደጁ ያለው ዛፍ የሕዝብ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚያልፈውን ጎረቤቱን የሚያስቸግር እንደ ሆነ «ጥላዬ አይነካ» ብሎ ብቻ መቆም ፍቅር የጐደለው ነው። ስለዚህ «አይቆረጥ» ከማለቱ ጋራ «እንዲህ ቢደረግ መንገዱም ይቀናል፥ ዛፉም ይድናል» ብሎ መንገድ ማሳየት ይገባዋል። የሸፊልድ ባለ ቤቶች በመጨረሻ የረቱት ስለ ጮኹ ብቻ አይደለም፤ የሥሩን ጠባይ፥ የንጣፉን አሠራር፥ የውሉንም ቃል ተምረው ባለ ሙያ እስኪመስሉ ድረስ ስለ አወቁ ነው። ደግሞም ሳይዘገዩ መነሣት ይገባል። «ነገር ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለው፥ ግንዱ ላይ የመቁረጫ ምልክት ከተደረገ በኋላ ከመጮህ ይልቅ፥ ዕቅዱ ሲታሰብ አስቀድሞ ጠይቆ መረዳት ይሻላል።

የቤት እመቤትም በበኩሏ ለልጆቿ ይህን ታስተምር። በመንገድ ዳር ያለውን ዛፍ ቅርፊቱን እንዳይልጡ፥ በግንዱ ላይ ሚስማር እንዳይመቱ፥ በበጋም አዲስ ለተተከለው ችግኝ ከቤታቸው ውሃ ወስደው እንዲያጠጡ ታድርግ። ልጅ ያጠጣውን ዛፍ ካደገ በኋላ አይቆርጠውም።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። በደጅ የቆመ ዛፍ የማን ነው? ሥሩ የተተከለበት መሬት የሕዝብ ነውና ዛፉን የመጠበቅ ሥልጣን የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ጥላው የሚያርፍበት ቤት የቤተ ሰቡ ነውና ስለ ዛፉ የመጠየቅና እውነተኛ መልስ የማግኘት መብት የባለ ቤቱ ነው። ከሁለቱም በላይ ግን ዛፉን የተከሉት ሰዎች ሞተዋል፤ በሚመጣው ዘመን ከጥላው ሥር የሚያርፉትም ገና አልተወለዱም። እነዚህ በክርክሩ ላይ ቀርበው ሊናገሩ አይችሉምና፥ መጋዝ የያዘውም ሰው፥ በአጥሩ ላይ የቆመውም ሰው ስለ እነርሱ ሊያስብላቸው ይገባል።